አየርላንዳዊቷ ተዋናይና የመርሳዋ አልቃሽ

ሐሙስ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ስንወጣ ላንድሮቨሩ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። መሪውን የያዘው ጋሽ ሰይድ ነው፤ የሐይቅ ተወላጅ፣ የሰሜኑን መንገድ ከነጉድጓዱ በቃሉ የሚያውቅ። ከኋላ ከካሜራው ሣጥን ጋር ተጣብቦ የተቀመጠው ብራያን ነው፤ ቀይ ጺም ያለው የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ፣ ፊልም አንሺውም አዘጋጁም እሱው። እኔ ያን ጊዜ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። ለአንድ ሳምንት አስተርጓሚ እንድሆን ከትምህርት ቤቴ በውሰት ነው የወጣሁት። ከአጠገቤ ደግሞ የጉዞው ምክንያት የሆነችው ሞይራ ተቀምጣለች።

"የአየርላንድ የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋናይ ትመጣለች" ሲሉኝ ከንፈሯን የተቀባች፣ ጥቁር መነጽር ያደረገች ሴት ነበር የጠበቅኩት። የመጣችው ግን ሃምሳ ስድስት ዓመት የሞላት፣ ሽበቷን በሻሽ ያሰረች፣ የወንድ ጫማ ያጠለቀች፣ የማንበቢያ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ስትጨብጠኝ መዳፏ የገበሬ መዳፍ ሆነብኝ። ወይዘሮ እያልኩ ልጠራት ስጀምር "ሞይራ በይኝ" አለችኝ፤ በዚያው ጸና።

የጉዞው ዓላማ ይህ ነበር። በዚያ በሰባ ሰባቱ ክፉ ድርቅ ጊዜ በሞይራ የትውልድ መንደር ያሉ ሴቶች ሹራብ እየሠሩ፣ ኬክ እየጋገሩ ሸጠው ለወሎ ገንዘብ ልከዋል። በዚያም ገንዘብ በሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ግራና ወደምትባል ትንሽ ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የእጅ ፓምፕ ያለው የውኃ ጉድጓድ ተቆፍሯል። ሴቶቹ አንድ ሌላ መንደርም ውኃ እንዲያገኝ ፈልገዋል፤ ግን ጊዜው ሲያልፍ የአገራቸው ሰው ነገሩን ረስቶታል። "ሂጂና አይተሽ ንገሪልን። አንቺ ስትናገሪ ሰው ይሰማል" አሏት። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያም እሷ ከሄደች ካሜራ እልካለሁ አለ።

ጣርማ በርን አልፈን ከዋሻው ስንወጣ ጉም ዋጠን። ጋሽ ሰይድ መብራት አብርቶ በቀስታ ይነዳል። ሞይራ መስኮቱን አውርዳ እጇን ወደ ጉሙ ዘረጋች።

"ልክ የእኛ አገር" አለች። "አባቴ ስምንት ላሞች ነበሩት። ጠዋት ጉም ሲሆን የምናገኛቸው በዓይናችን አይደለም፣ በሳላቸው ነው።"

ደብረ ሲና ወርደን ቆሎ ገዛን። እሷ ቆሎውን እየቆረጠመች፣ እኔ ለጋሽ ሰይድ እየተረጎምኩ፣ ታሪኳን የሰማነው ከዚያ ጀምሮ ነው። እናቷ የሞተችው በሕፃንነቷ ነው። ያደገችው ከአባቷ ጋር ብቻ፣ ነፋስ በማይቆምበት የባሕር ዳር መንደር ውስጥ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ወደ ከተማ ልሄድ ነው ብላ ነገረችው።

"ምን አለሽ?" አልኳት።

"'ላሞቹን ማን ያልባል?' አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ስሄድም ደጅ አልወጣም።"

ከተማ ገብታ በአንድ ቴአትር ቤት ልብስ አጣቢ ሆነች። አንድ ቀን መድረክ ላይ ላም የምታልብ ሴት ያለችበት ቴአትር ሲለማመዱ፣ ተዋናይቷ ባልዲውን እንዴት እንደምትይዝ እንኳ አታውቅም። አዘጋጁ ተናዶ "እዚህ ቤት ውስጥ ላም ማለብ የምታውቅ አንዲት ሰው ትጥፋ?" ብሎ ጮኸ። ሞይራ እርጥብ ልብስ እንደታቀፈች እጇን አወጣች። ሌላዋን ልታስተምር ወጥታ መድረኩ ላይ እሷው ቀረች።

ጋሽ ሰይድ ይህን ስተረጉምለት መሪውን በመዳፉ መታ አደረገ። "አየሽ! ያባቷ ላሞች ናቸው እንጀራ የሰጧት" አለ።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። የበላነው መኮሮኒ፣ የተኛነው ሁለት ብር በሚከፈልበት አልጋ ነው። ሞይራ አልጋውን በእጇ ተጭና "ለንደን ውስጥ ከዚህ በባሰው ላይ ተኝቻለሁ" አለችና ሳቀች።

ዓርብ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ወልድያ

ደሴ ላይ ብርዱ ጠንካራ ነበር፤ ሐይቅ ስንደርስ ግን ቀኑ ሞቀ። ጋሽ ሰይድ መኪናውን ከሐይቁ ዳር አቁሞ ከዘመዶቹ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ፣ እኛ የተጠበሰ ዓሣ በሚጥሚጣ በላን። ሞይራ አጥንቱን እንደ አገሬው ሰው በጣቷ ለቅማ ጨረሰች።

"ፊልሙስ?" አልኳት።

የመጀመሪያ ፊልሟ ላይ የሠራችው ባሏን ባሕር የበላባትን የዓሣ አጥማጅ ሚስት ሆና ነው። በባሕሩ ዳር ቆማ ታለቅሳለች። አዘጋጁ በአንድ ጠዋት ሰባት ጊዜ አስደገማት፤ ሰባቱንም ጊዜ እንባዋ በተባለው ቃል ላይ ወረደ። ፊልሙ ዝና አተረፈላት። ከዚያ በኋላ የሚያስለቅስ ታሪክ ያለው ሁሉ እሷን ይፈልግ ጀመር። ወደ ቴሌቪዥን ስትሻገርም ለአሥራ አራት ዓመት የአንድ ባለሱቅ ሚስት ሆና በየሳምንቱ ታየች፤ መንገድ ላይ ሰው የሚጠራት በዚያች ሴት ስም ነበር። ኋላ ጸሐፊዎቹ ድርሰቱ ውስጥ ያቺን ሴት ገደሏት።

"ቤቴ ድረስ አበባ መጣልኝ" አለች። "በሕይወት ቆሜ የለቅሶ ደብዳቤ አነበብኩ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ። ለእናትነት አረጀሽ፣ ለአያትነት አልደረስሽም አሉኝ። ይኸው ስድስት ዓመቴ። አሁን ይህ ፊልም ከተሳካ የራሴን ፕሮግራም እንደሚሰጡኝ ብራያን ነግሮኛል። ስለዚህ የመጣሁት ለጉድጓዱ ብቻ ነው ብዬ አልዋሽሽም።"

ስለ ግልጽነቷ ወደድኳት።

ከውጫሌ ወርደን ቆላው ሲጀምር ዓይናችን ማሽላ ላይ አረፈ። ግራና ቀኙ፣ እስከ ተራራው ሥር ድረስ ማሽላ ነው። ራሱ ከብዶት ጎንበስ ብሏል። በየማሳው መሀል ከእንጨት በተሠራ ማማ ላይ ሰዎች ቆመው በወንጭፍ ወፍ ያባርራሉ። ብራያን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሲያይ ቆየና ተጨንቆ ጠየቀኝ።

"ድርቁ የታለ?"

ለጋሽ ሰይድ ነገርኩት። ጋሽ ሰይድ በመስታወቱ ብራያንን ገርመም አደረገው። "ድርቁ ሄዷል፣ አልሐምዱሊላህ በል በይው።"

እኔ ግን ለብራያን "ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነበር ይላል" ብቻ አልኩት። አስተርጓሚ ስሆን እንዲህ ነበርኩ፤ ሰው እንዳይከፋው የቃሉን ጠርዝ እያለሰለስኩ አሳልፍ ነበር።

ውርጌሳን ስናልፍ ሞይራን ሌላ ነገር ጠየቅኳት። "አባትሽ ያን ፊልም አይቶት ያውቃል?"

ሳይታረቁ ነው የሞተው። ቀብሩ ላይ አንድ ጎረቤት ወደ ጆሯ ጠጋ ብሎ የነገራትን ነገር ቀስ ብላ ነገረችኝ። አባቷ ለማንም ሳይናገር በብስክሌት ወደ ጎረቤት ከተማ ሄዶ ሲኒማ ቤት ገብቷል። ልጁ ማልቀስ ስትጀምር ከወንበሩ ተነሥቶ ወጣ። በሩ ላይ የቆመውን ሰው ደረቱን ይዞ "ማነው ልጄን ያስለቀሳት?" አለው።

"ይህን ሰምቼ ማልቀስ አቃተኝ" አለች ሞይራ። "አገሩ ሁሉ እንባዬን የሚያውቅ ሴት፣ በአባቴ ቀብር ላይ ዓይኔ ደረቅ ነበር። ጋዜጣ ሳይቀር ጻፈው።"

መርሳን በጥድፊያ አለፍናት፤ ፊልም የማንሻ ፈቃድ የሚገኘው ወልድያ ስለሆነ። ወልድያ መግቢያ ኬላው ላይ ይለፋችንን ሁለት ወታደሮች ተቀባብለው አነበቡት። አንደኛው ሞይራን ትክ ብሎ አይቶ "እውነት ፊልም ላይ አለች?" አለኝ። አዎ ስለው ኮቱን አስተካክሎ ሰላምታ ሰጣት።

ቅዳሜ፣ ወልድያና መርሳ

የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ሁለት ሰዓት ሲከፈት ደጁ ላይ ነበርን። ካኪ የለበሱት ኃላፊ ደብዳቤያችንን ሁለቴ አነበቡ።

"ጓድ፣ ይህች ሴት ሥራዋ ምንድነው?" አሉኝ።

"ተዋናይ ናት፣ ጓድ።"

"እሱንማ አየሁት። ምን ትሠራለች ነው የምልሽ።"

ሁለታችንም ሳቅን። የሦስት ቀን ፈቃድ ማኅተም ተመታልን፤ የተሠራውን ልማትም እንድናነሳ አደራ ተባልን።

በሲሪንቃ በኩል ወደ መርሳ ስንወርድ ሙቀቱ ይጨምራል። መርሳ የፍራፍሬ አገር ናት፤ መንገድ ዳር ሴቶች ብርቱካንና ፓፓያ ደርድረው ተቀምጠዋል። ሞይራ አንዱን ፓፓያ በሁለት እጇ ይዛ አሸተተችው። ምሳችን የፍየል ጥብስ በማሽላ እንጀራ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ብራያን የቀድሞውን መጠለያ ላንሳ አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በድርቁ ጊዜ ድንኳኖች የነበሩበት ሜዳ ነው። አሁን ድንኳን የለም። ሣር በቅሎበታል። ጫፉ ላይ ግን የመቃብር ድንጋዮች ብዙ ሆነው ተደርድረዋል፤ አንዳንዱ ከጉልበት አይበልጥም።

ብራያን ካሜራውን ተከለና ሞይራን በድንጋዮቹ መሀል አቆማት። የምትለው ቃል ተጽፎላታል። መጨረሻው ላይ ድምጿ ይሰበራል፣ እንባዋ ይወርዳል። ሞይራ ዘወር ብላ ሁለት ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ተመለሰች፤ ቃሉን ተናገረች። እንባው በተባለበት ቦታ ላይ ከሁለቱም ዓይኖቿ እኩል ወረደ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። እኔም አለቀስኩ። ብራያን ነፋሱ ድምፁን አበላሽቶታል ብሎ አስደገማት። እንደገና ወረደ። ሦስተኛ ጊዜ ሲያስደግማት ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

"ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ የማን ዘመድ ናት?"

ዞር ስል ዱላ የተደገፉ፣ ነጠላቸውን አደግድገው የለበሱ ስድሳ ዓመት የሚጠጉ ሴት ቆመዋል። ወይዘሮ እንጉዳይ ይባላሉ።

"ዘመድ የላትም፣ እማማ። የውጭ አገር ሰው ናት። ተዋናይ ናት።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"የሌላውን ሰው ኑሮና ሐዘን የራሷ አስመስላ ለሰው የምታሳይ።"

"እንግዲያ ሥራችን አንድ ነው" አሉ። "እኔ አልቃሽ ነኝ። ለቅሶ ቤት እየተጠራሁ የሰውን ሙት በግጥም የማለቅስ።" ሞይራን ደግመው አዩዋት። "ደህና አድርጋ ታለቅሳለች፤ እንባዋ ቅርብ ነው። ግን ለማን ነው? ሦስቴ አለቀሰች፣ አንድ ስም አልጠራችም።"

ሞይራ ዓይኗን እየጠረገች መጣች። "ምን አሉ?"

"ደህና ታለቅሳለች አሉ" አልኳት።

ፊቴን አጠናችው። "ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰው የጻፈውን ቃል ስናገር ኖሬያለሁ። ቃል ሲጎድል አውቃለሁ። ሌላስ ምን አሉ?"

ነገርኳት። ምንም አላለሰለስኩም። ሞይራ ከቆመችበት ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ብራያን "ብርሃኑ እያመለጠን ነው፣ አንዴ ብቻ" ሲል እጇን አንሥታ አስቆመችው። "ለዛሬ ይበቃል።"

እራት ላይ ብራያን ተናገረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነበር። "ሞይራ፣ ሰው እንባ ካላየ እጁን ወደ ኪሱ አይሰድም። ሁለተኛው ጉድጓድ የለም። ያንቺም ፕሮግራም የለም። ታውቂዋለሽ" አላት።

"አውቃለሁ" አለች። እኔም ያን ምሽት ማን ትክክል እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ጉድጓዱ የማይቆፈር ከሆነ የክብር ወግ ለተጠማ ሰው ምን ይጠቅመዋል እያልኩ ተኛሁ።

እሑድ፣ መርሳ

ሞይራ ገና በጠዋት በሬን አንኳኳች። "ሴትዮዋ የት እንደሚገኙ ጠይቂልኝ" አለችኝ።

መጠየቅ አላስፈለገም። ጋሽ ሰይድ ከሻይ ቤት የሰማውን ይዞ መጣ። ወይዘሮ እንጉዳይ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደዚያ ሜዳ ይሄዳሉ። በድርቁ ወቅት ሰው ሲሞት የሚያለቅስ ጉልበት ያለው አልነበረም። እሳቸውም ሁለት ልጆቻቸውን የቀበሩት ዝም ብለው ነው፤ ድምፃቸው አልወጣ ብሎ። ዝናቡ ሲመለስ፣ እህል በልተው ሰውነታቸው ሲጠና፣ በየመንደሩ እየዞሩ የተረፈውን ሰው እዚያ ሜዳ የቀረበትን እየጠየቁ ስም ሰበሰቡ። አሁን በየእሑዱ ሄደው ያልተለቀሰላቸውን ያለቅሳሉ።

ሜዳው ላይ አገኘናቸው። ሞይራ ከፊታቸው ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች።

"ትላንት ስም ሳልጠይቅ አለቀስኩ" አለች፤ ተረጎምኩ። "ይቅር ይበሉኝ። እንዴት እንደሚያለቅሱ ያስተምሩኛል?"

"ማልቀሱንማ ታውቂበታለሽ" አሉ ወይዘሮ እንጉዳይ። "እኔ ለቅሶ ቤት ስጠራ መጀመሪያ ስሙን እጠይቃለሁ። ቀጥዬ ምን ይወድ እንደነበር እጠይቃለሁ። በሬውን ይወድ እንደሆነ፣ ጨዋታ ይወድ እንደሆነ። እንባው ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ባይመጣም ግድ የለም።"

"የሁሉንም ስም በቃልዎ ይዘውታል?" አለች ሞይራ።

"ከሰባ በላይ ነው። የእስላሙንም የክርስቲያኑንም። ለእስላሙ ጩኸት ስለማይወደድ ስሙንና የሚወደውን ብቻ እላለሁ።" ጋሽ ሰይድ ራቅ ብሎ ቆሞ ራሱን ነቀነቀ። ወይዘሮ እንጉዳይ ወደ ካሜራው ዞሩ። "እኔን የሚያሳስበኝ ማርጀቴ ነው። ሰሞኑን ሁለት ስም ጠፍቶብኝ ሦስት ቀን ፈልጌ አገኘሁት። ያ መሣሪያ ስም ይይዛል?"

ብራያንን ጠየቅኩት። መልስ ከመስጠቱ በፊት ካሜራውን እንደ አዲስ ነገር አየው። "ይይዛል በያቸው" አለ።

"ለዘላለም?"

"ከእኔ ዕድሜ በላይ።"

"እንግዲያው ይያዝልኝ" አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

የፊልሙ ጥቅል አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የሚያነሳው። ብራያን ያን ቀን አራት ጥቅል ለወጠ፤ አንድም ጊዜ ድገሙልኝ አላለም። እሳቸው ስም ይጠራሉ፣ እኔ ከጎናቸው ሆኜ በእንግሊዝኛ እላለሁ። ከግራና ማዶ የመጣው እንድሪስ፣ የማር እንጀራ የሚወድ። ትርንጎ፣ ገበያ መውጣት የምትወድ። ሙሐመድ የተባለ የአምስት ዓመት ልጅ፣ ግመል ማየት የሚወድ። ስሙ ገና ያልወጣለት፣ እርጥቡ የሚባል ሰው ሕፃን፣ "ጡት የሚወድ" አሉት። እዚያ ላይ መተርጎሜን አቆምኩ። እሳቸው መዳፋቸውን ጉልበቴ ላይ አሳርፈው "አብሽሪ፣ ቀጥዪ" አሉኝ፤ ቀጠልኩ። ሞይራ ከኋላ ተቀምጣ ትሰማለች። ካሜራው አያያትም። አንድ ጊዜ ዞር ብዬ ሳያት አፍንጫዋ ቀልቶ፣ ፊቷ ተዛብቶ ታለቅሳለች፤ እንደ ትላንቱ ያማረ ለቅሶ አልነበረም።

ሲጨርሱ ወይዘሮ እንጉዳይ ውኃ ጠጡና ወደሷ ዞሩ። "ያንቺስ ማነው?"

ሞይራ የአባቷን ስም ነገረቻቸው፤ ፓትሪክ። የሲኒማ ቤቱንም ነገር ነገረቻቸው። እሳቸው ስሙን ሁለት ሦስቴ በአፋቸው አገላበጡት፤ "ጳጥሪቅ" አድርገው አጸኑት። ምን ይወድ ነበር ሲሏት "ላሞቹን" አለች። ትንሽ አሰቡና፣ ዓይናቸውን ወደ ምሥራቁ ቆላ ጥለው በቀጭን ድምፅ አወረዱት፦

ጨለማ ቤት ገብቶ ልጁ ስታነባ፣
ማን አስከፋት ብሎ ወጣ ሆዱ ባባ።
ባሕር ማዶ ያለህ የላም አሳዳሪ፣
ልጅህ አገር አልፋ መጣች ስምህን ጠሪ።

እኔ ቃሉን ስተረጉምላት ሞይራ የአባቷን ስም እየደጋገመች በእጆቿ ፊቷን ሸፈነች። ብራያን ካሜራውን አጥፍቶት ነበር።

ከዚያ ሴትዮዋ እኔን አዩኝ። "አንቺስ የማንን ይዘሽ ነው የምትዞሪው?"

ታላቅ ወንድም ነበረኝ። ዳዊት ይባላል። ከስምንት ዓመት በፊት፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ሰዎች መጥተው ከቤት ይዘውት ሄዱ፤ አልተመለሰም። ማልቀስ ክልክል ስለነበር ቤታችን ውስጥ ስሙ አይነሣም። እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እዚያ ሜዳ ላይ፣ ጆሯቸው ሥር፣ ስሙን አልኩት።

"ምን ይወድ ነበር?"

ለማስታወስ ብሞክር አልመጣ አለኝ። በጣም ደነገጥኩ። "ረሳሁት፣ እማማ" አልኳቸው።

"ግድ የለም። የሚያውቀውን ሰው ጠይቂ" አሉኝ።

ሰኞ፣ የግራና መንገድ

ከመርሳ ወጥተን አስፋልቱን ለቀን በአቧራማው መንገድ ወደ ግራና አቀናን። ወይዘሮ እንጉዳይም አብረውን ነበሩ፤ እህታቸው እዚያ መንደር ስላለች። መኪናው ሲዘል "ኧረ ሰይድ፣ እባክህ ሳንሞት አድርሰን" እያሉ ይስቃሉ፤ ጋሽ ሰይድም ሆነ ብሎ ያዘልላቸዋል።

ጉድጓዱ ዙሪያ የሴቶች ሰልፍ ነበር። ቀድሞ ውኃ ፍለጋ ወንዝ ድረስ ወርደው የሚመለሱት እኩለ ቀን ላይ ነበር፤ አሁን ከበራቸው ይቀዳሉ። ሞይራ እጅጌዋን ሰብስባ ፓምፑን ያዘች። ሴቶቹ ፈረንጅ አይችለውም ብለው ሲጠባበቁ፣ እሷ በማለብ ባደገ ክንዷ ያለማቋረጥ እየጫነች አምስት ማድጋ ሞላች። እልልታ ሆነ። አንዲት ወጣት እናት "ይችን እዚሁ ተዉልን፣ ለመንደሩ ትጠቅማለች" አለች፤ ስተረጉምላት ሞይራ በሳቅ ፓምፑን ለቀቀችው።

ብራያን ካሜራውን አዘጋጀ። የተጻፈላትን ወረቀት ሊሰጣት ሲል አልተቀበለችውም። ማሽላውን ከኋላዋ አድርጋ፣ ፊቷ በላብ እንደረጠበ፣ ለመንደሯ ሴቶች በስማቸው ተናገረች። ያቺን ባለ ሹራቧን፣ ያቺን ኬክ ጋጋሪዋን እየጠራች፣ "ውኃችሁ ይኸው፣ ቀምሼዋለሁ፣ ጣፋጭ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ግን ገና ይጠብቃል" አለች። አላለቀሰችም። ንግግሯ ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ብራያን ከካሜራው ቀና ብሎ "ጥሩ ነው" አለ፤ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

የማሽላ እሸት ጠብሰው አበሉን። ወይዘሮ እንጉዳይ እዚያው ቀሩ። ሲሰናበቱ ሞይራን አገላብጠው ሳሟትና "ሥራሽን አትተይ። ለሰው ማልቀስ መልካም ሥራ ነው" አሏት።

ወደ ቤት

መመለሻው ሁለት ቀን ፈጀ። ሞይራ ብዙውን መንገድ ተኝታ ነበር። አዲስ አበባ ስንለያይ ክር ያለውን መነጽሯን ከአንገቷ አውጥታ ዓይኗ ላይ አድርጋ፣ ፊቴን በደንብ አየችው። "ቃል አታጉድዪ" አለችኝ።

ደብዳቤዋ የደረሰኝ በሚቀጥለው ግንቦት ነው። ፊልሙ ታይቷል፤ ጣቢያው ብዙ ቆርጦበታል። ብራያን ግን የስሞቹን ክፍል አላስነካም ብሎ ተሟግቶ፣ ስድስት ደቂቃ ያህል ሳይቆረጥ አለፈ፤ የቀረውንም ጥቅል ራሱ አስቀምጦታል። ፕሮግራሙን አልሰጧትም። ለሁለተኛው ጉድጓድ የሚበቃ ገንዘብ ግን መንደሯ ውስጥ ተሰብስቧል። እሷ በአንዲት ትንሽ ከተማ ቴአትር ቤት አያት ሆና እየሠራች ነው። "አሁን ልምምድ ከመጀመሬ በፊት የማለቅስለትን ሰው ስም አዘጋጁን እጠይቀዋለሁ። ጽሑፉ ላይ ከሌለ እኔው አወጣለታለሁ" ትላለች። አባቷ መቃብር ላይም ሄዳ ስሙን ጮክ ብላ ጠርታለች፤ የጎረቤት ላሞች ብቻ ዞር ብለው አይተዋታል።

እኔ ቤቴ የገባሁት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነበር። እናቴ ጓሮ ልብስ እያሰጣች አገኘኋት። ከመርሳ ያመጣሁላትን ብርቱካን አስቀመጥኩ። ሻንጣዬን እንኳ አልፈታሁም። በጉዞው የተማርኩት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ሰው ከሄደ በኋላ የሚቀርለት ስሙና የወደደው ነገር ነው፤ እሱን ደግሞ መጠየቅ አለብኝ። ፈራሁ። ጎረቤት እንዳይሰማ አጥሩን አየሁ።

"እማዬ" አልኳት፣ "ዳዊት ምን ይወድ ነበር?"

እጇ ገመዱ ላይ ቀረ። ስምንት ዓመት ሙሉ ያ ስም በግቢያችን ውስጥ አልተሰማም። ዓይኗን ጨፈነች። የበደልኳት መስሎኝ ይቅርታ ልለምናት ስል ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

"ዳዊት" አለች፣ ድምፁን እንደምትሞክረው። "ዳዊትማ... ዝናብ ሲዘንብ በቆርቆሮው ሥር ቆሞ መዝፈን ይወድ ነበር። ድምፁ ደግሞ እንዴት ያለ አስቀያሚ መሰለሽ! ውሾቹ አብረውት ይጮሁ ነበር።"

እናቴ ሳቀች። እርጥቡን አንሶላ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ከልቧ ሳቀች። ከዚያ ሳልጠይቃት ሌላ ነገረችኝ፤ ቀጥሎም ሌላ፤ ልብሱ ሳይሰጣ መሸ።